ከጤና አዳም እስከ ቪታሚን ፒ፤ በምግብ ውስጥ ስለሚገኙት ፌኖሎች የተደረገው ምርምር ታሪክ

ጤና አዳምን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ያስቸግራል። ቅጠሉ በቡና ስኒ ውስጥ ይነከራል፤ ከዓይብ ጋር ይቀላቀላል፤ ፍሬው ከበርበሬው ቅመም ጋር ይገባል፤ ሆዱን ለቈረጠው ሰውም በየቤቱ መጀመሪያ የሚታሰበው እርሱ ነው። ተክሉ በላቲን «ሩታ» ከሚባለው ወገን ነው። ከዚሁ ወገን ስሙን ያገኘ «ሩቲን» የተባለ ንጥረ ነገር በአሜሪካ አገር ለብዙ ዓመታት እንደ መድኃኒት ሲታዘዝ ኖሮ፣ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ከመድኃኒትነት መውረዱን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኛንም ይህንን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነገር ነው።

በዛሬው ጊዜ ሻዩም፣ ካካዎውም፣ ቀዩ ወይን ጠጅም፣ የወይራው ዘይትም «ፖሊፌኖል ስላለበት» ለልብና ለደም ሥር ይበጃል ሲባል እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነውን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛ ግን ከዚያ አስቀድመን፣ ይህ አሳብ ከየት መጣ፣ በማን ተጀመረ፣ ስንት ጊዜስ ወድቆ ተነሣ የሚለውን መከተል መረጥን። ምክንያቱም የዛሬው ተስፋ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ተስፋ እንዴት እንደ ተሠራና እንዴት እንደ ፈረሰ የሚያውቅ ሰው የአሁኑን በተሻለ ዓይን ሊመለከተው ይችላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ቃሉ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ፌኖል የሚባለው፣ ስድስት የካርቦን አተሞች እንደ ቀለበት ተያይዘው፣ ከቀለበቱ ላይ የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ሲቀጠልበት የሚገኘው ውሑድ ነው። እንዲህ ያሉት ቀለበቶች ብዙ ሆነው ሲገናኙ ፖሊፌኖል ይባላሉ። ከእነርሱም ውስጥ በቍጥር የበዛው ወገን ፍላቮኖይድ የሚባለው ሲሆን በሺሕ የሚቈጠሩ ዐይነቶች አሉት። ተክሎች እነዚህን የሚሠሩት ለሰው ጤና ብለው አይደለም፤ ከፀሐይ ጨረር ለመከለል፣ ተባይንና ሻጋታን ለመከላከል፣ አበባቸውንም ለማቅለም ነው። አፍን የሚያኰማትረው ታኒን ከዚሁ ወገን ነው፤ ታኒን የበዛበትን ቀይ ማሽላ ወፍ እንደ ነጩ የማይደፍረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ገበሬው ይህንን ያለ ኬሚስትሪ ያውቀዋል።

ኬሚስቶች እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ መለየት የጀመሩት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ነው። በ1828 ሌብረቶን የተባለ ፈረንሳዊ ከብርቱካን ወገን ልጣጭ «ሄስፐሪዲን» የተባለውን አወጣ። በ1842 የኑረንበርጉ መድኃኒት ቀማሚ አውጉስት ቫይስ ከጤና አዳም ወገን ከሆነው ከአውሮጳው ሩታ ሩቲንን አገኘ። በ1846 ደግሞ ፓየን የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በቡና ፍሬ ውስጥ ላለው አሲድ «ክሎሮጀኒክ» የሚል ስም ሰጠው። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ለመቶ ዓመት ያኽል በጠርሙስ ውስጥ ተቀምጠው የኬሚስት መደርደሪያ ከማስጌጥ በቀር ስለ ሰው ጤና የተነገረላቸው ነገር እምብዛም አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው በሀንጋሪ አገር፣ ሰገድ በምትባለው ከተማ ነው።

በሰገድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፕሮፌሰር አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1928 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሳለ ከእንስሳ ዕጢ አንድ አሲድ ለይቶ አውጥቶ ነበር። ይህም አሲድ ስከርቪ የሚባለውን፣ ድድ የሚያደማና ሰውነትን የሚያደክም በሽታ የሚከላከለው ቪታሚን ሲ መሆኑ በ1932 ታወቀ። ችግሩ አሲዱን በብዛት ማግኘት አለመቻሉ ነበር። ሰገድ ደግሞ የሀንጋሪ በርበሬ አገር ናት። ፕሮፌሰሩ ራሱ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን ሚስቱ ለራት ያቀረበችለትን እሸት በርበሬ መብላት ስላላሰኘው፣ እምቢ ላለማለት ሰበብ አድርጎ ወደ ላቦራቶሪው ይዞት ሄደ፤ በዚያችው ሌሊትም በርበሬው በቪታሚን ሲ የተሞላ ሆኖ አገኘው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀድሞ በግራም ይቈጠር የነበረው በኪሎ የሚመዘን ሆነ።

ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ደም በቀላሉ የሚፈስስበት በሽታ ያለበት አንድ ኦስትርያዊ የሙያ ባልደረባ ቪታሚን ሲን ሊሞክረው እንዲልክለት ለፕሮፌሰሩ ጻፈለት። በዚያን ጊዜ ንጹሕ የሆነው በቂ ስላልነበረ፣ ሴንት ጆርጂ ገና ያልጠራ የበርበሬ ዝግጅት ላከለት፤ ሰውዬውም ተሻለው። በኋላ ንጹሑ ቪታሚን ሲ በብዛት ሲገኝ፣ ፕሮፌሰሩና ወዳጁ ሐኪም ኢሽትቫን ሩስኛክ ያንኑ በሽታ ባላቸው ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ምንም አልረዳም። እንግዲህ ያልጠራው ፈውሶ የጠራው ካልፈወሰ፣ ፈዋሹ ሲያጠሩት የተጣለው ነገር ነው ብሎ ማሰብ የማይቀር ነበር።

እኛ ይህንን አስተያየት ደጋግመን ስናነብ ትክክለኛነቱ ያስደንቀናል፤ ጥያቄው በዚያ ጊዜ ከዚህ የበለጠ በጥሩ ሁኔታ ሊቀርብ አይችልም ነበር። የተጣለውን ነገር ፈለጉ፤ ከሎሚ ጭማቂም አንድ የፍላቮኖይድ ድብልቅ አውጥተው «ሲትሪን» አሉት። ከውስጡም ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀው ሄስፐሪዲን ተገኘ። ሲትሪን የተሰጣቸው ሕመምተኞች ጥቃቅን የደም ሥሮቻቸው ጠነከሩ ተባለ። ከዚያም ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትንንሽ እንስሶች ቪታሚን ሲ በሌለበት ምግብ ቀልበው ለከፊሎቹ ሲትሪን ጨመሩላቸው፤ የተጨመረላቸው ካልተጨመረላቸው ይልቅ ረዥም ጊዜ ኖሩ። በ1936 ውጤቱን «ኔቸር» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አሳትመው፣ ለነገሩ «ቪታሚን ፒ» የሚል ስም አወጡለት። «ፒ» የተመረጠችው የደም ሥር ፈሳሽን የማሳለፍ ጠባይ በአውሮጳ ቋንቋዎች ከሚጠራበት ቃል ነው፤ ያው ፓፕሪካ የሚባለው የሀንጋሪ በርበሬም በዚችው ፊደል ይጀምራል።

ደስታው ግን ሁለት ዓመት አልሞላም። በለንደን በሊስተር ኢንስቲትዩት ዚልቫ የተባለው ተመራማሪ ያንኑ ሙከራ ቢደግመው የሰገዱን ውጤት አላገኘም። የሰገድ ሰዎችም ራሳቸው ሲደግሙት አልተሳካላቸውም። ነገሩ ሲመረመር፣ በመጀመሪያው ሙከራ ጥቂት፣ እጅግ ጥቂት ቪታሚን ሲ ሳይታወቅ ከእንስሶቹ ምግብ ጋር ሳይኖር አልቀረም። ቪታሚን ሲ ፈጽሞ በሌለበት ሲትሪን ብቻውን እንስሳውን አያድነውም። ምናልባት ያለውን ጥቂት ቪታሚን ይቈጥብ ይሆናል፤ ነገር ግን ቈጣቢ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ቪታሚን መሆን ሌላ ነገር ነው። ቪታሚን ለመባል ሲጐድል በሽታ የሚያመጣ መሆን አለበት፤ ፍላቮኖይድ በመጕደሉ ታመመ የተባለ ሰው ደግሞ አልተገኘም።

ሴንት ጆርጂ በ1937 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ሽልማቱ የተሰጠው ሕዋሳት ስለሚተነፍሱበት መንገድና ስለ ቪታሚን ሲ ላደረገው ሥራ ነው። በዚያው ጊዜ አካባቢ ስለ ሌላው ቪታሚን የተናገረውን የሚያዳክም ጽሑፍ ከራሱ ላቦራቶሪ ማሳተሙን ስናይ፣ ከሽልማቱ ባልተናነሰ የሚያስመሰግነው ሆኖ ታይቶናል።

ስሙ ግን ከሰገድ ወጥቶ ስለ ነበረ ባለቤቱ ሊመልሰው አልቻለም። በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጀምስ ካውች ሩቲንን መጀመሪያ ከትምባሆ ቅጠል፣ ኋላም ባክዊት ከሚባለው እህል ቅጠል በብዛት ማውጣት ቻለ። በ1944 እርሱና የፊላዴልፊያ ሐኪሞች ሩቲን በደም ግፊት ሕመምተኞች ዘንድ ቶሎ የሚሰበሩትን ጥቃቅን የደም ሥሮች እንደሚያጠነክር ጻፉ። ከዚህ በኋላ ሩቲንና ሄስፐሪዲን በክኒን መልክ ለደም ግፊትም፣ ለነስርም፣ ለጕንፋንም መሸጥ ጀመሩ። በ1950 የአሜሪካ የባዮኬሚስትሪና የሥነ ምግብ ማኅበራት «ቪታሚን ፒ» የሚለው ስም ከእንግዲህ እንዳይሠራበት አሳሰቡ። ክኒኑ ግን ስሙ ከተነሣለት በኋላም ቀጠለ። በ1962 በወጣው ሕግ ማንኛውም መድኃኒት ከጉዳት ነጻ መሆኑ ብቻ ሳይሆን እንደሚፈውስም መረጋገጥ ስላለበት፣ እነዚህ ሁሉ ተመረመሩ፤ በ1968ም የመድኃኒት ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሩቲን፣ ሄስፐሪዲንና የመሳሰሉት ፍላቮኖይዶች ለመድኃኒትነት የሚያበቃ ማስረጃ የላቸውም ብሎ ወሰነ። ከዚያም ብሶ በ1977 ኩዌርሴቲን የተባለው፣ በሽንኩርት ውስጥ የሚበዛው ፍላቮኖይድ የባክቴሪያን የዘር ባሕርይ እንደሚለውጥ ታየ፤ ለጥቂት ጊዜም ሊቃውንቱ ያድናል ከማለት ይልቅ ካንሰር ያመጣ ይሆን ብለው ይጨነቁ ነበር።

ሁለተኛው ተስፋ የመጣው በሌላ በር ነው። ሴንት ጆርጂ የጠየቀው «ምን ሲጐድል ሰው ይታመማል?» ብሎ ነበር፤ በ1990ዎቹ የተነሡት ግን «ብዙ የሚበላው ጥቂት ከሚበላው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማልን?» ብለው ጠየቁ። ሚካኤል ኸርቶኽ የተባለው ሆላንዳዊና ጓደኞቹ በመጀመሪያ በአገራቸው አትክልትና መጠጥ ውስጥ አምስት ፍላቮኖይዶችን በአዲስ መሣሪያ ለኩ። ከዚያም ዙትፈን በምትባለው ከተማ ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆናቸው 805 ወንዶች በ1985 ምን ይበሉ እንደ ነበር የተመዘገበውን ይዘው እስከ 1990 የደረሰባቸውን አመሳከሩ። በ1993 የታተመው ውጤት፣ ብዙ ፍላቮኖይድ የበሉት ጥቂት ከበሉት ይልቅ በልብ ሕመም የሞቱት ከግማሽ በታች መሆናቸውን የሚያሳይ ነበር። አማካዩ ሰው በቀን የሚያገኘው 26 ሚሊግራም ያኽል ሲሆን፣ ከዚያም 61 በመቶው ከሻይ፣ 13 በመቶው ከሽንኩርት፣ 10 በመቶው ከፖም ነበር። እንግዲህ በአንድ ማንኪያ ጫፍ የማይታይ ነገር የአረጋውያንን ልብ ይጠብቃል ተባለ። ከአንድ ዓመት በፊትም ፈረንሳዮች ስብ እየበሉ በልብ ሕመም ብዙ አለመሞታቸው ከወይን ጠጃቸው የተነሣ ሊሆን ይችላል ተብሎ ስለ ነበረ፣ ሁለቱ ወሬ ተደጋገፈ።

እዚህ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ያስተማረን በ1997 የታተመው የዌልስ ጥናት ነው። ያው ኸርቶኽ ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ኬርፊሊ በምትባለው ከተማ ከ45 እስከ 59 ዓመት የሆናቸውን 1,900 ወንዶች የ14 ዓመት መዝገብ መረመረ። የዌልስ ሰዎች ሻይ ጠጪዎች ናቸው፤ ፍላቮኖይዳቸውም የሚመጣው በአብዛኛው ከሻይ ነው። ውጤቱ ግን ከዙትፈን የተለየ ሆነ፤ ብዙ ሻይ የጠጡት በልብ ሕመም መሞታቸው አልቀነሰም። አንዳንዶች እንግሊዞች ሻይ ላይ ወተት ስለሚጨምሩ የወተቱ ፕሮቲን ፌኖሉን ይዞ ያስቀረው ይሆናል አሉ። ነገር ግን ሌላም ምክንያት ነበረ። በሆላንድ ሻይ የሚያዘወትረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለጤናው የሚጠነቀቅ ነው፤ በኬርፊሊ ግን ብዙ ሻይ የሚጠጣው ሠራተኛው፣ ሲጋራም የሚያጨሰው ነው። እንግዲህ የሻዩ ስኒ በሁለቱ አገር አንድ ሲሆን ስኒውን የያዘው ሰው አንድ አልነበረም። የአንድን ምግብ ጥቅም ከበላተኛው ኑሮ ለይቶ ማየት ምን ያኽል አስቸጋሪ እንደ ሆነ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

የወይን ጠጁን ወሬ ቶሎ እንለፈው። ሬዝቬራትሮል የተባለው ፌኖል ከ1940 ገደማ ጀምሮ በጃፓኑ ታካኦካ ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ ዕድሜን ያረዝማል በመባሉ በእርሱ ላይ ይሠራ የነበረውን ኩባንያ በ2008 ግላክሶስሚዝክላይን በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከሬዝቬራትሮል የተዘጋጀው መድኃኒት በካንሰር ሕመምተኞች ላይ ይሞከር የነበረው ተቋረጠ።

በዚሁ መካከል ሌሎች ሊቃውንት ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ፤ ይኸውም የተበላው ፌኖል ወደ ደም ይገባልን የሚል ነው። በ1995 ሆልማንና ጓደኞቹ ትልቁ አንጀታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው፣ ነገር ግን ጤነኞች የሆኑ ዘጠኝ ሰዎችን ለመኑ፤ ከትንሹ አንጀት የሚወጣውን እየለኩ ምን እንደ ቀረ አስሉ። ከሽንኩርት የተበላው ኩዌርሴቲን 52 በመቶ ያኽሉ ሲሰርግ፣ በክኒን የተሰጠው ሩቲን የሰረገው 17 በመቶ ብቻ ነበር። ሁለቱ በውስጣቸው ያው ኩዌርሴቲን ሆነው ሳለ የሚለያዩት ተጣብቆባቸው ባለው ስኳር ብቻ ነው። ያልሰረገውን በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል፤ የሰረገውንም ጕበት ወዲያው ይለውጠዋል። ስለዚህ በደም ውስጥ የሚዞረው ነገር በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የተፈተነው ነገር አይደለም፤ መጠኑም እጅግ ያነሰ ነው። ፖሊፌኖል በደም ውስጥ እየዞረ ኦክሲጅን የሚያበላሸውን ሁሉ ያድናል የሚለው አሳብ የተዳከመው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴርም የምግቦችን ይህን የመከላከል ኀይል በቍጥር የሚያሳየውን ሠንጠረዥ፣ ነጋዴዎች ለማስታወቂያ ስላዋሉትና ቍጥሩ ለሰው አካል የሚናገረው ስለሌለ፣ በ2012 ከድረ ገጹ አነሣው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ2022 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ 21,442 አረጋውያንን በዕጣ ለይቶ ለከፊሎቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል፣ ለቀሩት የሚመስል ባዶ ክኒን ሰጠ። እዚህ ላይ እንደ ዙትፈንና እንደ ኬርፊሊ የኑሮ ልዩነት ሊያሳስት አይችልም፤ ዕጣው አስተካክሎታልና። ሙከራው በዋናነት ሊያየው የተነሣው የልብና የደም ሥር አደጋ በጠቅላላው በ10 በመቶ ቢያንስም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ግን በ27 በመቶ አነሱ። ይህ ሁለተኛው ቍጥር ሙከራው በተለይ የታቀደለት ስላልነበረ አዘጋጆቹ ራሳቸው በጥንቃቄ ነው የጻፉት። እኛ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነው እንላለን፤ የሰገዱን የ1936 ደስታ የምናስታውስ ስለ ሆንን ግን ከዚያ በላይ አንልም።

ለአገራችን አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ሌላ ጉዳይ ነው። የእኛ ሰው ፌኖልን በብዛት የሚያገኘው ከወይን ጠጅም ከካካዎም ሳይሆን ከቡና ነው። በ2002 የታተመ የሆላንድ ጥናት ከ17,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ በቀን ሰባት ስኒና ከዚያ በላይ ቡና የሚጠጡት ሁለት ስኒና ከዚያ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በስኳር በሽታ መያዛቸው በግማሽ ያኽል ያነሰ መሆኑን ገለጸ፤ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም በዚሁ አቅጣጫ ሄደዋል። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን እነዚህም እንደ ዙትፈኑ መዝገብ ማመሳከር እንጂ በዕጣ የተደረጉ ሙከራዎች አይደሉም።

ወፍን ከማሽላ የሚያርቀው ጠባይ በሰው አንጀት ውስጥም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፌኖል ብረትን ይይዛል፤ የተያዘ ብረትም ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። በ1983 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ ከሥጋ ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ የሚሰርገው ብረት በ39 በመቶ ሲቀንስ፣ ሻይ ሲሆን በ64 በመቶ ቀነሰ። የእኛ አገር ምግብ በብረት የበለጸገ ነው ተብሎ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይነገር ነበር፤ ጤፉም በዚህ ሲመሰገን ኖሮአል። በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት ግን ከዚህ ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በከብት እግር ሲወቃ ከአፈር የገባ መሆኑን አሳየ። የአፈር ብረት ደግሞ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። እንግዲህ ነፍሰ ጡር ሴትና ልጅ የሚተማመኑበት ብረት በሠንጠረዥ ላይ ከሚታየው ያነሰ ከሆነ፣ በዚያ በጥቂቱ ላይ ቡናው ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ከካካዎው ክኒን ይልቅ ለእኛ ይቀርባል።

ያው የ1983 ጥናት ሰዓቱንም መርምሮ ነበር። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብረቱን አልነካውም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን የቀነሰው ከምግቡ ጋር እንደ ተጠጣ ያኽል ነው። በአብዛኛው ቤታችን ደግሞ ረከቦቱ የሚቀርበው ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ነው።